የወፍ ጉንፋንና የዶሮ ክትባት፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ አርቢዎች ደጋግመው የሚጠይቁን

ከሱሉልታ እስከ ዱከም፣ ከቡራዩ እስከ ሰንዳፋ ዶሮ የሚያረባው ሰው በዝቷል። አንዱ በግቢው ጥግ ሃያ ቄብ ይዟል፤ ሌላው በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ጣይ አለው። ስለ ወፍ ጉንፋን ከውጭ ዜና በተሰማ ቁጥር ግን የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፦ «እኛስ መቼ ነው የምናስከትበው?» ዶሮ እየሞተበት ቸኩሎ የመጣ ሰው ሌላውን ሁሉ ዘልሎ «ዶሮዎቼ በአንድ ሌሊት አለቁ» የሚለውን ያንብብ።

የወፍ ጉንፋን ክትባት ከየት ልግዛ?

ከየትም አይግዙ። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ለዶሮ የሚያመርታቸው ክትባቶች እዚሁ አገር ውስጥ ዶሮ ለሚጨርሱ በሽታዎች ናቸው፦ ለፈንግል፣ ለጉምቦሮ፣ ለዶሮ ፈንጣጣ፣ ለዶሮ ታይፎይድና ለመሳሰሉት። የወፍ ጉንፋን ክትባት ከእነዚህ ጎን ተደርድሮ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ክትባቱን በሚጠቀሙ አገሮችም ቢሆን መንግሥት የትኛው ዓይነት፣ ለየትኛው ዶሮ፣ በማን እጅ እንደሚሰጥ ወስኖ ነው የሚፈቅደው።

ስለዚህ አንድ ሰው አይስ ቦክስ አንግቶ «የበርድ ፍሉ ክትባት አስመጥቻለሁ» ብሎ በርዎን ቢያንኳኳ፣ ብልቃጡን ተቀብለው ጽሑፉን ያንብቡ። ላሶታ ወይም ኤችቢ1 የሚል ካዩ የፈንግል ክትባት ነው። ጽሑፍ ከሌለው ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። በድብቅ የገባ እውነተኛ ክትባት ቢሆንም ጣጣው ብዙ ነው፤ ምክንያቱን ወረድ ብለን እናየዋለን።

ሰፈራችን ውስጥ በየዓመቱ ዶሮ ያልቃል። ይሄ የወፍ ጉንፋን አይደለም?

ብዙውን ጊዜ ፈንግል ነው። ዶሮዋ ትጨፈግጋለች፣ ክንፏን ትጥላለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ይይዛታል፤ ቀናት ካገኘች አንገቷ ይጠመዘዛል ወይም እግሯ ይሽመደመዳል። ካልተከተበ መንጋ ውስጥ አብዛኛውን ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። ክረምት መግቢያ ላይና ዶሮ ከቦታ ቦታ በሚጓጓዝባቸው የበዓል ሰሞኖች ይብሳል።

ችግሩ ግን ኃይለኛው የወፍ ጉንፋንም ከዚህ ብዙ አይለይም። እሱም ድንገት ይገድላል፤ ጭንቅላት ያሳብጣል፤ በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋና ከአገጯ ሥር የሚንጠለጠለው ወደ ሰማያዊነት ወይም ሐምራዊነት ይለወጣል፤ እግሯ ላይ ደም የቋጠረ ቀይ ምልክት ሊታይ ይችላል። ልምድ ያለው የእንስሳት ሐኪም እንኳ በዓይን አይቶ «ይሄ ፈንግል ነው፣ ያኛው ወፍ ጉንፋን ነው» ብሎ መማል አይችልም። የሚለየው ላቦራቶሪ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ስለ ወፍ ጉንፋን ክትባት አጥብቀው ከሚጠይቁኝ አርቢዎች ብዙዎቹ የፈንግሉን ክትባት ያላሟሉ ናቸው። ገና ሊገባ ይችላል ስለሚባለው በሽታ እንቅልፍ አጥተው፣ በራቸው ላይ ለቆመው በራቸውን ከፍተው ይተኛሉ።

በሽታው ኢትዮጵያ ገብቶ ያውቃል?

በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2006) ኤች5ኤን1 የሚባለው ዓይነት ናይጄሪያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ጅቡቲ ሲገኝ እኛም ዘንድ ድንጋጤ ነበር። በጉራጌ፣ ጉብሬ በሚገኝ የዶሮ ማራቢያ ዶሮዎች ሞተው ጥርጣሬ ተነሣ፤ ናሙናው ሲመረመር የወፍ ጉንፋን አልነበረም። ሆኖም በዚያ ሰሞን ሰው ዶሮና እንቁላል መብላት ፈርቶ ዋጋው ወደቀ፤ በሽታው ሳይኖር ገበያው በወሬ ብቻ ታመመ። የዚያን ጊዜ ዶሮ የነበራቸው ሰዎች እስከ ዛሬ ስሙ ሲነሣ ፊታቸው ይለዋወጣል።

አሁንም የጥንቃቄው መነሻ ሊገባ ይችላል የሚለው ነው። ጎረቤቶቻችንን ጎብኝቷል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ውስጥ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የዱር ወፎችንና የቤት ዶሮዎችን መግደሉ ይታወሳል።

ከየት ነው ሊመጣ የሚችለው? ከሐይቅ ወፎች?

ከእነሱም ሊመጣ ይችላል። የቫይረሱ የተፈጥሮ ቤት የውሃ ወፎች ናቸው፤ በተለይ የዱር ዳክዬና ዝይ። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች እኛ ዙሪያ ባሉ ውሃዎች ያርፋሉ፦ ቢሾፍቱ ጨለለቃ፣ ገፈርሳ፣ አባ ሳሙኤል፣ የሱሉልታ ረግረግ። ዶሮዎ እዚያ ዳር እየጫረ የሚውል ከሆነ ወይም የሚጠጣው ውሃ ከእነዚህ ቦታዎች ተቀድቶ ሳይታከም የሚመጣ ከሆነ ያሳስባል።

ለእኔ ግን ከወፉ ይልቅ ሰው ያስፈራኛል። ከግቢ ግቢ የሚዞር የእንቁላል ነጋዴ፣ ከአንዱ እርባታ ወደ ሌላው ሳይታጠብ የሚሄድ የእንቁላል ትሪ፣ ኩስ ጭኖ የሚያልፍ አይሱዙ፣ ጠዋት ሾላ ገበያ ውሎ ከሰዓት ቄብ ሊያይ የሚመጣ ደላላ። ወፏ ቫይረሱን አንድ ቦታ ብትጥል እንኳ ከዚያ በኋላ በየሰፈሩ የሚያደርሰው የእኛው ጫማና ጎማ ነው። ፈንግልም የሚዛመተው በዚሁ መንገድ ስለሆነ በሩን መዝጋት ለሁለቱም ይሠራል፦ ለዶሮ ቤቱ ብቻ የሚሆን ቦቲና ቱታ፣ በር ላይ በየቀኑ የሚቀየር የእግር መንከሪያ፣ እና «አይተን ብቻ እንወጣለን» የሚሉ እንግዶችን በትሕትና መመለስ። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ ዘመድም ያስቀይማል።

ሌሎች አገሮች ይከትባሉ። እኛ ለምን አስመጥተን አንከትብም?

ክትባት አለ፤ በደንብ ከተያዘም ይሠራል። ፈረንሳይ ከጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዳክዬ እርባታዎች ግዴታ አድርጋዋለች። በ2021 እና 2022 መካከል በነበረው የወረርሽኝ ወቅት ከ1,300 በላይ እርባታዎቿ ተመተው ነበር፤ ክትባቱ ከተጀመረ በኋላ በነበረው ወቅት የተመቱት 10 ብቻ ናቸው። በዚያ ዓመት በአውሮፓ ቫይረሱ ራሱ ቀዝቀዝ ብሎ ስለነበር ምስጋናው ሁሉ የክትባቱ አይደለም፤ ቢሆንም ልዩነቱ ትልቅ ነው። ይህ የሆነው ግን በመጀመሪያው ዓመት ከወጪው 85 በመቶውን መንግሥት ከፍሎ፣ የተከተቡት መንጋዎች ደግሞ በየጊዜው ናሙና እየተወሰደ እየተመረመሩ ነው።

ግብፅን ደግሞ እንይ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብትከትብም ቫይረሱ አልወጣላትም፤ እዚያው ለመደ። በየቤቱ ጣሪያ ላይ የሚረቡትን ዶሮዎች በሙሉ ማዳረስ አልተቻለም፤ ቫይረሱ መልኩን ሲቀያይር ክትባቱ ወደ ኋላ ቀረ። የእኛ ከተማ ዳር ዶሮ አያያዝ ከፈረንሳይ ይልቅ ለግብፅ ይቀርባል፤ ይህን ሳይመዝኑ «ክትባቱን ብቻ አምጡልን» ማለት ልክ አይመስለኝም።

አሠራሩም ከለመድነው የተለየ ነው። የፈንግሉ ክትባት በውሃ ወይም በዓይን ጠብታ ያልቃል። የወፍ ጉንፋኑ ክትባት በብዛት የሞተ ቫይረስ በዘይት ተለውሶ የተዘጋጀ ነው፤ እያንዳንዷን ዶሮ ይዞ በመርፌ መውጋት ይጠይቃል፤ እንቁላል ጣይ ዓመትና ከዚያ በላይ ስለምትቆይ ደግሞ መድገም ያስፈልጋል። ከተወጋችም በኋላ መከላከያው እስኪጠነክር ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈጃል። በማስፈልፈያ ውስጥ ለአንድ ቀን ጫጩት የሚሰጡ አዳዲስ ዓይነቶችም አሉ፤ እነሱ ድካሙን ይቀንሳሉ፣ ዋጋውን ግን አይቀንሱም። በዚህ ላይ ኤች5 ለሚባለው የወፍ ጉንፋን ዓይነት የተሠራ ክትባት ኤች7 ለሚባለው አይሆንም፤ ኤች5 ውስጥም ቢሆን ከሚዘዋወረው ቫይረስ ጋር ካልተቀራረበ መከላከሉ ደካማ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነጥብ ነው። የተከተበች ዶሮ ቫይረሱ ሊይዛት ይችላል፤ አትሞትም፣ ብዙም አትታመምም፣ ግን በመጠኑ ለሌሎች ታስተላልፋለች። ጭሱን አፍኖ እሳቱን መተው ማለት ይህ ነው። ለዚህ ነው የሚከትቡ አገሮች በተከተበው መንጋ መሐል ሆን ብለው ያልተከተቡ ጥቂት ዶሮዎችን የሚያስቀምጡት፤ እነሱ ከታመሙ ቫይረሱ ገብቷል ማለት ነው። በደም ምርመራም የክትባቱን መከላከያ ከእውነተኛው በሽታ ለመለየት የታቀደ አሠራር ያስፈልጋል። አንድ አርቢ በድብቅ ከከተበ ይህ ሁሉ ይበላሻል፦ የእሱ ዶሮ ደም ሲመረመር በሽታ የገባ ይመስላል፤ በሽታው በእውነት ሲገባ ደግሞ እሱ ዘንድ ሳይታይ ወደ ጎረቤት ያልፋል። ከተከተበ መንጋ ዶሮና የዶሮ ውጤት ለመግዛት የሚያመነቱ አገሮች መኖራቸውም ሌላ ጉዳይ ነው።

ደቡብ አፍሪካ በ2023 እ.ኤ.አ. ሚሊዮኖች ዶሮ አጥታ፣ ሱቆቿ ውስጥ እንቁላል እስኪጠፋ ተቸግራ እንኳ፣ ክትባቱን የጀመረችው በ2025 ነው፤ ያውም በልዩ ፈቃድ፣ ክትትሉን ለሚችሉ እርባታዎች።

የፈንግል ክትባት ከወፍ ጉንፋን ይከላከላል?

አይከላከልም። ቫይረሶቹ የተለያዩ ናቸው። ጥቅሙ በሌላ በኩል ነው፦ መንጋዎ ለፈንግል በትክክል ተከትቦ ሳለ ድንገት ማለቅ ከጀመረ፣ ሐኪሙ «ፈንግል ነው» ብሎ አያልፈውም፤ ናሙና ይወስዳል።

የፈንግሉን ክትባት በውሃ ሰጥቼ ነበር፤ ዶሮዎቹ ግን ሞቱብኝ። ክትባቱ የተበላሸ ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ከተገዛ በኋላ ነው። ላሶታ ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው፤ ሙቀት፣ ፀሐይና ክሎሪን ይገድሉታል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ከቢሾፍቱ እስከ ለገጣፎ በታክሲ፣ በኪስ ውስጥ የመጣ ብልቃጥ ከመድረሱ በፊት ሞቷል። ፍሪጅ አለኝ ብለው አይዘናጉ፤ መብራት ጠፍቶ የዋለበትን ቀን ያስቡ። ይልቅ ክትባቱን በሚሰጡበት ዋዜማ ወይም በዕለቱ ማለዳ፣ በረዶ ባለበት ዕቃ ይዘው ይምጡ።

ውሃው ሁለተኛው ወጥመድ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች ሮቶ ውስጥ የከረመ ውሃ ክሎሪኑ ይቀንስለታል፤ የጉድጓድ ንጹሕ ውሃ ካለ ደግሞ የተሻለ ነው። በሁሉም ሁኔታ በአንድ ሊትር ውሃ 2.5 ግራም ያህል ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ቀድመው ይበጥብጡበት፤ የቀረውን ክሎሪን ይይዛል፣ ቫይረሱንም ያቆያል። የመጠጫ ዕቃዎቹን በንጹሕ ውሃ ብቻ ይጠቡ፤ ሳሙናና በረኪና በዚያ ቀን አይነኩም። በመጠጫ ውሃ ውስጥ የሚያደርጉት ቫይታሚን ወይም መድኃኒት ካለም ያቁሙ።

መጠኑን በግምት አይጨምሩ። የቆየ መለኪያ አለ፦ ለ1,000 ጫጩት በዕድሜያቸው ቀን ልክ ሊትር። የ28 ቀን ጫጩት 28 ሊትር ማለት ነው፤ መቶ ብቻ ካለዎት 2.8 ሊትር። ሙቀት ሲበረታ ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ከዚያ ማለዳ ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ውሃ ይከልክሏቸው፤ የተጠሙት ሁሉ አንድ ላይ እንዲጠጡ መጠጫው በቂ ይሁን። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ የቀረው አይጠቅምም። ደካማዎቹ በጠንካሮቹ ተገፍተው ሳይጠጡ እንዳይቀሩ ዶሮ ቤት ውስጥ ዞር ዞር ብለው ያነሣሷቸው።

የታመመ መንጋም አይከተብም። ፈንግል ከገባ በኋላ የተሰጠ ክትባት ብዙ ጊዜ ሞቱን ሲያፋጥነው ይታያል፤ ከዚያም «ክትባቱ ገደለብኝ» ይባላል።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ ብልቃጡን ሲከፍቱ ወደ ዓይንዎ እንዳይረጭ ይጠንቀቁ። የፈንግል ክትባት የሰው ዓይን ያቀላል፤ ጥቂት ቀን አስቸግሮ ይለቃል።

አሥር የሐበሻ ዶሮ ብቻ ነው ያለኝ። ለእነሱም ያስፈልጋል?

አዎ፤ በነጻ የሚዞሩት ናቸው ከሁሉ ዶሮ ጋር የሚገናኙት። ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ የሚመቸው ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ የሚቋቋመው የፈንግል ክትባት ነው፤ በአንድ ዓይን አንድ ጠብታ፣ በየሦስት ወይም አራት ወሩ። አንድ ብልቃጥ ከአሥር ዶሮ በላይ የተመጠነ ስለሆነ ብቻዎን ሲገዙት ይከብዳል፤ ከተከፈተ በኋላም ለነገ አይቀመጥም። ከጎረቤቶችዎ ጋር ተነጋግረው አንድ ማለዳ ቢያደርጉት ወጪው ይቀላል፤ ሰፈሩ አብሮ ሲከተብ ደግሞ ጥቅሙ ይበዛል። ዶሮ ከቆጥ ሳትወርድ፣ ጎህ ሲቀድ መያዝ ይቀላል።

የ45 ቀን ቄብ ስገዛ «ክትባታቸውን ጨርሰዋል» ይሉኛል። ልመን?

ወረቀቱን ይጠይቁ። የትኛው ክትባት፣ በስንት ቀናቸው፣ በምን መንገድ እንደተሰጠ የተጻፈበት ካርድ ሊኖር ይገባል። ቢኖርም «ጨርሰዋል» የሚለው ቃል ልክ አይደለም፤ በ45 ቀን የጫጩትነት ክትባቷን ነው የጨረሰች። የፈንግል መከላከያ እየደከመ ስለሚሄድ ይደገማል፤ እንቁላል ከመጣሏ በፊትም የሚሰጥ አለ። ዝርያዋ ቦቫንስም ይሁን ሳሶ ቀጣዩን ቀጠሮ ከሐኪም ጋር ያውጡ። አዲስ የገቡትን ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አይቀላቅሉ፤ ሁለት ሳምንት ለብቻ ይቆዩ።

ለበዓል የተገዛ አውራ ዶሮም እንዲሁ ነው። እስኪታረድ ድረስ ከእርስዎ ዶሮዎች ጋር አይሰር፤ ላባውና የሆድ ዕቃውም እነሱ በሚጭሩበት ቦታ አይጣል።

ዶሮዎቼ በአንድ ሌሊት አለቁ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የማያደርጉትን ልንገርዎ፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ ነውና። የቀሩትን አይሽጡ። «ሳይሞቱ ልረዳቸው» ብለው አይረዱ። የሞቱትን ለውሻ አይስጡ፣ ወደ ወንዝ ወይም ቦይ አይጣሉ። ኪሳራው እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፤ ብድር ወስዶ የጀመረ ሰው ደግሞ የባሰ ይንገበገባል። ነገር ግን የታመመ ዶሮ በአንድ ማዳበሪያ ተጭኖ ገበያ ሲገባ ችግሩ የአንድ ግቢ መሆኑ ያበቃል።

የዶሮ ቤቱን ዝጉ፤ ሰው አይግባ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ መኖና ኩስ አይውጣ። ወዲያው ለቀበሌው ወይም ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይደውሉ። ስንት እንደነበሩ፣ ስንት እንደሞቱ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ክትባት በየትኛው ቀን እንደተሰጣቸው፣ ሰሞኑን አዲስ ዶሮ ወይም ነጋዴ ገብቶ እንደሆነ ይንገሩት። የእንስሳት በሽታ የሚመረመርበት ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሰበታ ነው፤ ለእኛ ሰፈር ቅርብ መሆኑ ዕድል ነው። ናሙናውን ግን ባለሙያው ይውሰድ፤ የሞተ ዶሮ በፌስታል ይዘው በታክሲ አይሂዱ።

መንካት ግድ ከሆነ ጓንት ወይም ፌስታል እጅዎ ላይ፣ አፍና አፍንጫዎ ላይ ማስክ ያድርጉ፤ ልጆችን ያርቁ። ባለሙያው ከፈቀደ በኋላ ከውሃ ራቅ ባለ ቦታ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ኖራ ተነስንሶበት ይቀበራል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ትኩሳት ወይም ሳል ከያዘዎት ሐኪም ቤት ሲሄዱ የታመመ ዶሮ ነክቼ ነበር ብለው ይንገሩ።

ቴትራሳይክሊን ብሰጣቸውስ? ፌጦና ነጭ ሽንኩርትስ?

ፈንግልም የወፍ ጉንፋንም በቫይረስ የሚመጡ ናቸው፤ አንቲባዮቲክ አይነካቸውም። ፌጦ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ ሲሰጥ አይቻለሁ፤ የተረፈችው ዶሮ ሳይሰጣትም የምትተርፍ ነበረች።

ከተከተበች ዶሮ እንቁላልና ሥጋ መብላት ይቻላል?

ለፈንግልና ለጉምቦሮ የተከተበች ዶሮ ሥጋና እንቁላል ሰው አይጎዳም፤ ስንበላው የኖርነው ነው። የወፍ ጉንፋን ቫይረስም ቢሆን እስከ ውስጡ 70 ዲግሪ በደረሰ ምግብ ውስጥ አይተርፍም፤ ዶሮ ወጥ ያን ያህል ሰዓት ተቁላልቶ ከዚያ በታች አይወጣም። በሌሎች አገሮች ሰው ሲታመም የታየው በአብዛኛው የታመመ ዶሮ በመንከባከብ፣ በማረድና ላባ በመንጨት ነው። ለዚህ ነው ጥንቃቄው ከምጣዱ በፊት የሚሆነው። ጥሬ እንቁላል የሚጠጡ ስፖርተኞች ግን ለሌላውም በሽታ ሲሉ ቢተዉት ይሻላል።

ከዶሮዎቼ ጋር ዳክዬም አረባለሁ። ችግር አለው?

ይለያዩዋቸው። ዳክዬ የወፍ ጉንፋን ቫይረስን ሳትታመም ተሸክማ ልትዞር ትችላለች፤ ዶሮዋ ነች የምትሞተው። መዋኛዋ ውሃ የዶሮዎቹ መጠጫ እንዳይሆን፣ የምታድርበትም ለብቻው እንዲሆን ያድርጉ። እርግብ ካለዎትም በዶሮ መኖው ላይ እንዳያርፍ መስኮቱን በወንፊት ሽቦ ይሸፍኑ፤ እሱ ደግሞ ፈንግል ያመጣል።